ሹም እንዴት ይወርዳል?

ጎንደር ለሹም ሽር እንግዳ አይደለችም። ቀዳማዊ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. ከ1779 እስከ 1800 ስድስት ጊዜ ነግሠው ስድስት ጊዜ ወርደዋል፤ «ፍጻሜ መንግሥት» የሚለው ቅጽል ስምም ተሰጥቷቸዋል። ያኔ አውጪውም አውራጁም ጦር ያለው መስፍን ነበር።

ዛሬ ከንቲባ የሚያወርደው የከተማው ምክር ቤት ነው፤ ከአባላቱ መካከል የመረጠው እሱ ነውና። ክስም ምስክርም አያሻም፣ ድምፅ ይበቃል። አሜሪካ እንዲህ አይደለም። የተወካዮች ምክር ቤቱ ፕሬዚዳንቱን ይከሳል፣ ሴኔቱ ይዳኛል፣ ለማባረር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠየቃል። ጆንሰንም ክሊንተንም፣ ሁለቴ የተከሰሱት ትራምፕም በዚህ መንገድ ከሥልጣን አልወረዱም።

እኛ ዘንድ ግን በተግባር ነገሩ የሚያልቀው የምክር ቤቱ ጉባኤ ሳይጠራ ነው፤ ግምገማ ላይ። ገዢው ፓርቲ በር ዘግቶ ይቀመጣል፣ ሒስ ይዘንባል፣ ሰውየው ግለ ሒስ ያደርጋል። ምክር ቤቱ ጋ የሚደርሰው ያለቀ ጉዳይ ነው፤ እጅ ይወጣል፣ ይጨበጨባል። ማታ በዜና «ወደ ሌላ ኃላፊነት ተዛውረዋል» ከተባለ ደግሞ ጥፋት ይኑር አይኑር ማንም አያውቅም። ለኔ ትልቁ ጉድለት ይኼ ነው።

የብአዴኑ ታምራት ላይኔ ጉዳይ ግን አደባባይ ወጥቷል። በጥቅምት 1989 ከምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርነትና ከመከላከያ ሚኒስትርነት ተነሡ፤ ፓርላማ ፊትም ቆመው ጥፋታቸውን አመኑ። የ18 ዓመት እስራቱ የተፈረደው ግን በ1992 ነው። ሥልጣን የነሣቸው ፓርላማው፣ ያሰራቸው ፍርድ ቤቱ፤ ሁለቱ አይገናኙም።

የሕዝብ እንደራሴስ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተወካይ ማንሣት ይችላል ይላል። ዳባት ያለ ገበሬ ይህን መብት እንዳለው የነገረው ሰው ግን ብዙ አይመስለኝም። አንቀጽ 54 ደግሞ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፈቃድ እንደራሴ አይያዝም፣ በወንጀልም አይከሰስም ይላል። መጀመሪያ ያለመከሰስ መብቱ ይነሣል፣ ከዚያ ይያዛል ማለት ነው። የምክር ቤቱ አባል ክርስቲያን ታደለ ግን የተያዙት በ2015 ክረምት ነው፤ ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን ያነሣው በ2016፣ እሳቸው ወራት ከታሰሩ በኋላ ነው።