ያውቁ ኖሯል? ከቦሌ ተነስቶ ዱር ውስጥ ማደር

ገርጂ፣ ጎሮ ወይም ቦሌ ቡልቡላ ለሚኖር ሰው የአውሮፕላን ድምፅ ብርቅ አይደለም። ከትልልቆቹ ጄቶች መሃል ግን አንዳንድ ማለዳ አንዲት ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ትነሳለች። መድረሻዋ መንገድ እንደ ልብ የማይገባበት፣ ተሳፋሪው ወርዶ በድንኳን ወይም በእንጨት ጎጆ የሚያድርበት ዱር ሊሆን ይችላል። የዛሬው ዓምዳችን የእሷንና የእህቶቿን ነገር ያነሳል።

ያውቁ ኖሯል? ለቻርተር በረራ ከቦሌ የሚነሳው ሴስና ካራቫን፣ በአላስካና በካናዳ ጎማው ወልቆ ታንኳ በሚመስሉ ሁለት ተንሳፋፊዎች ይተካና ሐይቅ ላይ ያርፋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአገር ውስጥ በረራ ይጠቀምበት የነበረው ትዊን ኦተርም ዛሬ በማልዲቭስ ደሴቶች እንግዳ የሚያመላልሰው በውሃ ላይ እያረፈ ነው። ካራቫንና ትዊን ኦተር የሚሠሩበት ሞተርም አንድ ቤተሰብ ነው፤ የካናዳው ፒቲ 6።

በውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ውሃው ላይ ፍሬን የለውም። ነፋሱ አፍንጫውን ወደ ራሱ ያዞረዋል። አብራሪው ወደ ዳር የሚጠጋው ሞተሩን አስቀድሞ አጥፍቶ፣ በቀረው ግፊት እየተንሳፈፈ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ ማዕበል ነው ብለው ካሰቡ ተሳስተዋል። ለአብራሪ ክፉው ውሃ እንደ መስታወት ጸጥ ያለው ነው። ሰማዩ ከታች ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ዓይን ከፍታን መለየት ያቅተዋል፤ አሥር ሜትር ይቀረኛል ያለ ሰው ውሃውን ሊመታ ይችላል። ስለዚህ አብራሪው ሐይቁ መሃል ማረፉን ትቶ ዛፍና ድንጋይ የሚታይበትን ዳርቻ ተጠግቶ፣ ፍጥነቱን ጠብቆ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ቀላል ሞገድ ያለበት ቀን ለእሱ የተባረከ ቀን ነው።

ያውቁ ኖሯል? በአፍሪካ ሰማይ ላይ በውሃ አራፊ አውሮፕላን ታሪክ ከሠሩት ሰዎች አንዱ በኋላ አዲስ አበባ መጥቷል። ስዊዘርላንዳዊው ዋልተር ሚትልሆልዘር በ1919 ዓ.ም. ተንሳፋፊ በተገጠመለት ዶርኒየር ሜርኩር ከዙሪክ ተነስቶ፣ በዓባይና በሐይቆች ላይ እያረፈ ኬፕ ታውን ደረሰ። በ1926 ዓ.ም. ደግሞ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተገዛውን ባለ ሦስት ሞተር ፎከር ራሱ እያበረረ ወደ አዲስ አበባ አመጣ። በበረራው ላይም አገራችንን ከላይ በፎቶግራፍ አንስቷል። እነዚያ ሥዕሎች ለእኛ ትልቅ ቅርስ ናቸው።

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የገባው ከዚያ አምስት ዓመት ያህል ቀድሞ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ 25 ነው። ያኔ ቦሌ ገና የእርሻ መሬት ነበረች። የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ከልደታ ወደ ቦሌ የዞረው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው።

ያውቁ ኖሯል? በ1929 ዓ.ም. ገደማ የእንግሊዝ ኢምፔሪያል ኤርዌይስ ግዙፍ የጀልባ አውሮፕላኖች ከእንግሊዝ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሲመላለሱ በካርቱምና በማላካል በኩል ነጭ ዓባይ ላይ ያርፉ ነበር። ከማላካል ትንሽ ወደ ላይ የሶባት ወንዝ ይቀላቀላል፤ ሶባት ደግሞ የእኛን ባሮን ውሃ ይዞ የሚመጣው ነው።

አሁን ወደ ሣር ሜዳዎቹ እንምጣ፤ ይህ ጸሐፊ ከልቡ የሚቆረቆርለት ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነት የተረፉ ሲ 47 ነበሩ፤ ወንበራቸው ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ የተዘረጋ አግዳሚ፣ መሃሉ የጭነት ቦታ። በቀጣዮቹ ዓመታት እነዚህና እህቶቻቸው ዲሲ 3ዎቹ ሞጣ፣ ደብረ ታቦር፣ መንዲ፣ ጎሬ፣ ቴፒ፣ ማጂ፣ ዋካና ቡልቂን የመሰሉ ቦታዎች ያርፉ ነበር። ብዙዎቹ አስፋልት አይተው የማያውቁ የሣርና የጠጠር ሜዳዎች ናቸው። በቅሎ ቀናት የሚፈጅባትን አገር አውሮፕላን በደቂቃዎች ያገናኝ ነበር። ዛሬ ከእነዚህ ማረፊያዎች በርካቶቹ ታርሰዋል፣ ቤት ተሠርቶባቸዋል ወይም ሣር ውጧቸዋል። መንገድ መስፋፋቱ ደግ ነው፤ ነገር ግን ለሕመምተኛ፣ ለጎርፍ ጊዜና ለፓርክ ጎብኚ አንድ ኪሎ ሜትር የተደለደለ ሜዳ ማቆየት ከባድ ወጪ አይደለም። ሊጠበቁ ይገባል።

የጂንካው አሮጌ ማረፊያ ደግሞ ለብቻው ይነገር። ከተማው መሃል ለመሃል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነበር። ቤቶቹ፣ ሱቆቹና ሻይ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ከበውታል። በአዘቦት ቀን ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ገበያተኛው በዘንቢል ዕቃውን ይዞ ያቋርጠዋል። የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ግን ሜዳው ለአውሮፕላን ይለቀቃል። አዲሱ ማረፊያ ከከተማው ወጣ ብሎ ከተሠራ በኋላ የቦሌው አውሮፕላን የሚያርፈው እዚያ ነው።

ኦሞ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሙኢ የሚባል የአውሮፕላን ሜዳ አለ። ጎብኚ የሚወርደው ጫካው መሃል ነው።

ያውቁ ኖሯል? ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ለክንፉም፣ ለፕሮፔለሩም፣ ለሞተሩም ጉልበት ይነሳል። ፀሐይ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። ትንንሾቹ አውሮፕላኖች በማለዳ መነሳት የሚመርጡት ለዚህ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በተራሮቹ ላይ የሚቆለለው ደመናም ሌላ ምክንያት ነው። መብራት የሌለው የሣር ማረፊያ ላይ ደግሞ ከመሸ ማረፍ አይቻልም። ቢዘገዩ ጉዞው ለነገ ነው።

ሻንጣዎን ብቻ ሳይሆን እርስዎንም ሚዛን ላይ ቢያወጡዎት አይከፉ። በትንሽ አውሮፕላን የእያንዳንዱ ሰው ክብደትና የሚቀመጥበት ቦታ ይሰላል። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ዕቃ ብዙውን ጊዜ 15 ኪሎ ያህል ነው፤ ያውም ለስላሳ ቦርሳ። ካራቫን ከሆዷ ሥር ያለው የዕቃ መያዣ ጠባብ ስለሆነ ደረቅ ሻንጣ አይገባበትም።

በ1960 ዓ.ም. ክረምት የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ቡድን በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የዓባይን ሸለቆ በጀልባ ሲወርድ፣ ስንቁን ከላይ ያደረሰው ቢቨር የሚባል ትንሽ አውሮፕላን ነበር። ቢቨር ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሐይቅ ላይ በረራ አርማ የሆነ አውሮፕላን ነው።

ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንም ይታወሱ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለቀይ መስቀል ቁስለኛ አመላልሰዋል፣ ከጦርነቱ በኋላ ቢሾፍቱ ላይ የአየር ኃይላችንን አብራሪዎች አሠልጥነዋል፣ በ1966ቱ ረሀብ ዘመን ደግሞ መንገድ ላልደረሰላቸው መንደሮች በትንሽ አውሮፕላን ክንፍ ሥር ጆንያ እያንጠለጠሉ፣ መሬት ለመሬት ሊባል በሚችል ዝቅታ እየበረሩ እህል ጥለዋል። በ1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በጥቃት ተገደሉ። ስማቸው በቦሌ አንድ ጥግ ቢጻፍ ይገባቸዋል።

ያውቁ ኖሯል? በውሃ ላይ ስለማረፍ ከሚሰጡት ትምህርቶች ትልቁን ያስተማረን ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ነዳጅ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ካፒቴን ልዑል አባተና ረዳታቸው ዮናስ መኩሪያ ከጠላፊዎቹ ጋር እየታገሉ ኮሞሮስ ደሴት ዳርቻ ባሕር ላይ አሳረፉት። ከ175 ሰዎች 50 ተረፉ። ከሞቱት ውስጥ ብዙዎቹ የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ገና ውስጥ ሳሉ ነፍተውት ነበር። ውሃ ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያ አንሳፈፋቸው፣ ወደ በሩ ጠልቀው መውጣት አልቻሉም። ጃኬት የሚነፋው ከአውሮፕላኑ ከወጡ በኋላ ነው። በሐይቅ አውሮፕላን የሚሄድም፣ በቦይንግ የሚሄድም ይህን አንድ ነገር አይርሳ። አስተናጋጇ ስታሳይ ስልክዎን ዝቅ ያድርጉ።

አላስካ ውስጥ የአሜሪካ ደን አገልግሎት ለሕዝብ የሚያከራያቸው፣ ብዙዎቹ በውሃ አራፊ አውሮፕላን ወይም በጀልባ ብቻ የሚደረስባቸው ጎጆዎች አሉ። መብራት የለ፣ የቧንቧ ውሃ የለ። የእንጨት አልጋ፣ ጠረጴዛና ምድጃ ብቻ። አውሮፕላኑ አድርሶዎት ይሄዳል፤ የሚመለሰው በቀጠሮው ቀን፣ እሱም ሰማዩ ከፈቀደ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው ለተጨማሪ ቀናት የሚበቃ ስንቅ ይይዛል። ለኦሞ ወይም ለጋምቤላ ተጓዥም ምክሩ ያው ነው፤ በተለይ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ያለበት ሰው ትርፍ ይያዝ።

የወባ ነገር በከፍታ ይወሰናል። ከ2,000 ሜትር በታች የሚያድር ሰው አጎበርና የሐኪም ምክር ያስፈልገዋል። ኦሞ እንደዚያ ነው። ባሌ ሳነቴ ላይ ደግሞ ወባ የለም፤ የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል።

የሳተላይት ስልክና ድሮን ያለ ፈቃድ ይዞ መሄድ አይቻልም። አስቀድመው ይጠይቁ።

ያውቁ ኖሯል? ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ጀርባ የተኛው ንጋት ሐይቅ ሲሞላ ወደ 1,900 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ በውስጡም ብዙ ደሴቶች ቀርተዋል። ጣና ደግሞ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱ ግን 15 ሜትር የማያልፍ ውሃ ነው። ለተንሳፋፊ አውሮፕላን ሜዳ አላጣንም።

ቻርተር ውድ ነው፤ ለብዙዎቻችን ከአቅም በላይ ነው። ግን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ወደ ባሌ ሮቤ መደበኛ በረራ አለው። ከሮቤ በመኪና ጎባን አልፈው ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የሳነቴን አምባ ሲያቋርጡ፣ ከዓለም ከ500 ያነሱ አዋቂዎች ብቻ የቀሩትን፣ ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ውስጥ የሆኑትን ቀይ ቀበሮዎች አይጥ ሲያድኑ የማየት ዕድልዎ ሰፊ ነው። ጎህ ሲቀድና ወደ ማታ ቢሄዱ ይመረጣል። ከአምባው ወደ ደቡብ ሲወርዱ የሐረና ደን ይቀበልዎታል፤ ማደሪያ ሎጅ እዚያ ጫካ ውስጥ አለ። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዝግቧል። የመግቢያ ክፍያው የሚፈጸመው ዲንሾ ባለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው።