ጥናቱ የሚጠይቀው ምንድን ነው?

ሜሪላንድ ውስጥ የስኳር ሕመም መድኃኒቶችን በሚያጠና ቡድን ውስጥ የምርምር ነርስ ነኝ። ለጥናት የሚመጡትን እቀበላለሁ፣ ስለ ጥናቱ አስረዳለሁ፣ ደም እቀዳለሁ፣ ከገቡም በኋላ እስከ መጨረሻው ቀጠሮ እከታተላቸዋለሁ። ዋሽንግተንና አካባቢዋ የአገሬ ሰው የሚበዛበት ስፍራ ስለሆነ በአማርኛ የሚያናግረኝ አላጣም። አንዲት እናት ይመጡና “ልጄ፣ ያ ውፍረት የሚቀንሰው አዲሱ መርፌ እናንተ ጋ በነፃ ይሰጣል አሉ፤ በይ መዝግቢኝ” ይሉኛል። ሌላ አባት ደግሞ ወረቀቱን ሳልዘረጋ “እኛን መሞከሪያ ልታደርጉን ነው?” ብለው ለመሄድ ይነሣሉ።

ሁለቱ የተራራቁ ቢመስሉም ሳይጠይቁ የቀሩት ነገር አንድ ነው፦ ጥናቱ ማወቅ የፈለገው ምንድን ነው? የሕክምና ሙከራ የሚደረገው መልሱ ስላልታወቀ ነው። ቢታወቅማ ሐኪሙ መድኃኒቱን ጽፎ በሰጠ ነበር። ወደ ጥናት የሚገባ ሰው ይህን መልስ ፍለጋ ያግዛል። በዚያው መንገድ ሊጠቀም ይችላል፣ ላይጠቀምም ይችላል። ይህን ሳይረዳ የሚፈርም ሰውም ሆነ ይህን ሳይረዳ የሚሸሽ ሰው የራሱን ውሳኔ ገና አልወሰነም እላለሁ።

አኮርድ የተባለውን ጥናት እንውሰድ። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለባቸውና ለልብ ሕመም የተጋለጡ 10,251 ሰዎች በአሜሪካና በካናዳ ገብተውበታል። ጥያቄው የሦስት ወር ስኳርን፣ ማለትም የደም ስኳር የሦስት ወር አማካይን የሚያሳየውን ምርመራ፣ በብዙ መድኃኒት ገፍቶ ከ6 በመቶ በታች ማውረድ ልብን ይጠብቃል ወይ የሚል ነበር። ብዙ ሐኪሞች ይጠብቃል ብለው ያምኑ ነበር። እ.አ.አ. በፌብሩዋሪ 2008 የተገለጠው ግን ሌላ ነው፤ ስኳራቸው በብርቱ እንዲወርድ ከተደረገባቸው ወገን የሞቱት በለጡ። ውጤቱን ከዳር ሆነው የሚመረምሩ ገለልተኛ ባለሙያዎች ይህን አይተው አሳሰቡ፤ ያ ክፍል ጊዜው ሳይደርስ ቆመ፤ ተሳታፊዎቹም ወደ ተለመደው ሕክምና ተዛወሩ። ዛሬ ሐኪም የልብ ሕመም ላለባቸው አዛውንት “ስኳርዎን ከዚህ በላይ ማውረድ አያስፈልግም” ሲል ከዚያ የተገኘ ትምህርት አለበት።

በተቃራኒው ደግሞ በ2015 ውጤቱ የወጣውን ኤምፓግሊፍሎዚን የተባለ የስኳር መድኃኒት ጥናት እናገኛለን። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከ2008 ጀምሮ አዳዲስ የስኳር መድኃኒቶች ልብን እንደማይጎዱ እንዲረጋገጥ ይጠይቅ ስለነበር ጥናቱ የተነሣው ጉዳት አለ ወይ ብሎ ነው። 7,020 የልብና የደም ሥር ሕመም ያለባቸው የስኳር ሕሙማን ተሳተፉበት። መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል በልብና በደም ሥር ሕመም የሞቱት ማስመሰያውን፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበትን ክኒን፣ ከወሰዱት በ38 በመቶ አንሰው ተገኙ። ማንም ሐኪም ይህን አስቀድሞ አያውቅም ነበር።

በዚህ ጥናት ውስጥ ጥቁሮች 5 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ይህ ለምን ያሳስበኛል? እዚሁ ሰፈራችን ቤተዝዳ በሚገኘው ብሔራዊ የጤና ተቋም ዶ/ር አን ሰምነር የመሩት “አፍሪካውያን በአሜሪካ” የተሰኘ ጥናት አለ። መድኃኒት የሚሞከርበት አይደለም። ጤነኛ ነኝ ብለው የመጡ፣ አፍሪካ ተወልደው በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ስኳር ጠጥተው ደማቸው ይመረመራል። በ2016 የወጣው ጽሑፋቸው እንዳሳየው የሦስት ወር ስኳር ምርመራ ብቻውን ስኳራቸው የተዛባ ብዙ አፍሪካውያንን ይስታቸዋል፤ ግላይኬትድ አልቡሚን የተባለ ሌላ ምርመራ ሲታከል ግን የሚገኙት ይበዛሉ። ሐኪሞቻችን የሚተማመኑበት መለኪያ እኛን እንዴት እንደሚያነብ የታወቀው የእኛው ሰዎች ክንዳቸውን ስለሰጡ ነው።

ጥናት መፈለግ የሚሻ ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ያናግር። ከዚያ የአሜሪካ መንግሥት ከ2000 ጀምሮ የከፈተውን ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ጎቭ የተባለ መዝገብ ማየት ይቻላል። የሕመሙን ስምና የሚኖሩበትን ከተማ አስገብተው ተሳታፊ በመቀበል ላይ ያሉትን ብቻ ይምረጡ። እያንዳንዱ ጥናት በኤን ሲ ቲ የሚጀምርና ስምንት አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር አለው፤ ያንን ጽፈው ይያዙ፣ ለሐኪምዎም ያሳዩ። አንድ ነገር ግን አደራ። በዚያ መዝገብ ላይ መውጣት መንግሥት ጥናቱን መርምሮ አጽድቆታል ማለት አይደለም። ለመሳተፍ ገንዘብ ክፈሉ ከተባላችሁ ቆም ብላችሁ ሐኪም አማክሩ። የሚሞከረው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ በጥናቱ ባለቤት ወጪ ይሰጣል፤ የተለመደው ሕክምና ግን ወደ ኢንሹራንስ ሊላክ ስለሚችል የትኛው በማን እንደሚከፈል በጽሑፍ ይጠይቁ። ቤተዝዳ ባለው የብሔራዊ የጤና ተቋም ሆስፒታል በጥናት የሚሳተፉ ሰዎች ለሕክምናው አይከፍሉም።

ቀጥሎ ማጣሪያ አለ። የሦስት ወር ስኳርዎ ከተወሰነ ቁጥር በላይና ከተወሰነ ቁጥር በታች መሆኑ፣ የኩላሊትዎ ሥራ፣ የሚወስዱት ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት መጠኑ ሳይለወጥ ወራት መቆየቱ ይታያል። ውፍረት የሚቀንሱት አዳዲስ መርፌዎች በሚሞከሩባቸው ጥናቶች ቆሽት ታሞ ያውቃል ወይ፣ በቤተሰብ ውስጥ አንድ ዓይነት የታይሮይድ ካንሰር ነበረ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። “አላለፉም” ሲባሉ ፊታቸው የሚጠቁርባቸው ሰዎች አጋጥመውኛል። መስፈርቱ ሰውን ከጉዳት የሚጠብቅ አጥር ነው፤ እዚህ ያልሆነው ሌላ ጥናት ሊመቸው ይችላል።

የእኛ ሰዎች በማጣሪያ ላይ የማይናገሯቸው ነገሮች አሉ፤ ነውር ወይም ትንሽ ነገር እየመሰላቸው። ጾም ዋናው ነው። ዐቢይ ጾምንም ሆነ ረመዳንን የሚጾም ሰው ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት እየወሰደ ያለ ምግብ የሚቆይበትን ሰዓት እኛ ማወቅ አለብን፤ ስኳር ከመጠን በላይ መውረድ ሰውን ይጥላል። አብሽ በጥብጦ መጠጣት፣ ሽፈራው ማፍላትም እንደዚሁ ነው፤ ስኳር ላይ ሊሠሩ ስለሚችሉ ይነገሩ። ለክረምት ወይም ለሐዘን አገር ቤት ሄዶ ወራት መቆየትም ቀጠሮ ስለሚያስቀር አስቀድሞ ይነገር። ይህን የሰማ ጥሩ ቡድን አይቆጣም፤ ያመቻቻል፣ ካልተቻለም እውነቱን ይነግራል።

አሁን ወደ ፊርማው ልምጣ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው። የስምምነት ቅጹ ብዙ ገጽ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ናቸው የሚያስተረጉሙት። ልጅ ለአባቱ “አልፎ አልፎ ሞት ሊያስከትል ይችላል” የሚለውን መስመር ማንበብ ይከብደዋል፤ ይዘለዋል። ስለዚህ ልጆቻችሁ አጠገባችሁ ይቀመጡ፣ ትርጉሙን ግን የሠለጠነ አስተርጓሚ ይሥራው። በአሜሪካ ሕግ ተሳታፊው መረጃውን በሚገባው ቋንቋ የማግኘት መብት አለው፤ አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ማንንም ማስቸገር አይደለም። ቅጹን ወደ ቤት ይውሰዱት፣ ይደሩበት፣ የሚያምኑትን ያማክሩ። ከዚያም እነዚህን ይጠይቁ፦ አዲሱ መድኃኒት የሚነጻጸረው ከምን ጋር ነው? አሁን የምወስደውን አቆማለሁ ወይስ እቀጥላለሁ? ስኳሬ ቢወጣ ምን ይደረግልኛል? ብጎዳ የሚያክመኝና የሚከፍለው ማን ነው? ጥናቱ ሲያልቅ መድኃኒቱ ይቋረጥብኛል? ደሜ የት ይቀመጣል?

ማስመሰያ ወይም ፕላሴቦ ለብዙዎች ማታለል ይመስላል። በዕጣ ለማን ምን እንደደረሰ ተሳታፊውም ብዙውን ጊዜ እኛም አናውቅም፤ ያ ካልሆነ ግምታችን መልሱን ያበላሸዋል። በብዙ የስኳር ጥናቶች ማስመሰያ የደረሰው ሰው ሜትፎርሚኑን ይቀጥላል፤ ስኳሩ ከተወሰነው በላይ ሲወጣም ሌላ መድኃኒት ይታከልለታል። የእርስዎ ጥናት እንዲህ መሆኑን ግን ከቅጹ ላይ ያረጋግጡ።

“መሞከሪያ ልታደርጉን ነው?” ያሉትን አባት ግን ፍርሃትዎ ከንቱ ነው ብዬ አላውቅም። አላባማ፣ ታስኪጊ ውስጥ ከ1932 እስከ 1972 ቂጥኝ የያዛቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ወንዶች ፔኒሲሊን ከተገኘም በኋላ እንኳ ሳይታከሙ በመንግሥት ጤና አገልግሎት ተጠንተዋል። ምን እየተደረገባቸው እንደሆነ አልተነገራቸውም። የ1974ቱ የአሜሪካ የምርምር ሕግና የምርምር ሥነ ምግባር መርሆችን የያዘው የ1979ኙ የቤልሞንት ሰነድ የመጡት ከዚያ ግፍ በኋላ ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጥናቱን አስቀድሞ የሚመረምረው፣ ተሳታፊም በማንኛውም ቀን ያለ ምክንያት ወጥቶ ሕክምናውን ሳያጣ የሚሄደው በእነዚህ ሥርዓቶች ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ አንባቢም እንዲሁ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ፣ የመድኃኒት ሙከራ ከሆነም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ የት እንዳለ ይጠይቅ።

ብዙዎቻችን በየቀኑ የምንውጠው ሜትፎርሚን ከዚሁ ዓይነት ጥናት ጋር ይያያዛል። ብሪታንያ ውስጥ ከ1977 ጀምሮ 5,102 አዲስ የስኳር ሕሙማን በገቡበት ረጅም ጥናት ነው ሜትፎርሚን ውፍረት ባላቸው ሕሙማን ላይ የስኳር ጠንቅንና ሞትን እንደሚቀንስ በ1998 የተነገረው። ስለዚህ ጥናት ውስጥ መቆጠራችን ይገባናል ብዬ አምናለሁ፤ ማንም ግን አይገደድ። በሚቀጥለው ቀጠሮዎ የመጨረሻ የሦስት ወር ስኳርዎን ቁጥር፣ የኩላሊት ውጤትዎንና የመድኃኒቶችዎን ዝርዝር ይዘው ይሂዱና ሐኪምዎን “ለእኔ የሚሆን ጥናት አለ?” ብለው ይጠይቁ። አለ ከተባለ ጥያቄው ምን እንደሆነ በራስዎ ቋንቋ መልሰው እስኪናገሩት ድረስ አይፈርሙ። መናገር ከቻሉ በኋላ እሺ ቢሉም እምቢ ቢሉም ውሳኔው የእርስዎ ነው፤ እኔም በሁለቱም ደስ ይለኛል።