«የማን ልጅ ነህ?» በስዊድን አገር

ኤውሮፓዊ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ በቤተ ሰብ ስም ሲጠራ የኖረ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የስዊድን ባላገር እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ የሚጠራው ልክ እንደኛ በአባቱ ስም ነበር። አንደርስ የተባለ ገበሬ ወንድ ልጅ ወልዶ ኒልስ ቢለው፥ ልጁ ኒልስ አንደርሶን ይባላል። ሴት ልጁ ካሪን ብትባል ካሪን አንደርስዶተር ትሆናለች፤ «ሶን» ወንድ ልጅ፥ «ዶተር» ሴት ልጅ ማለት ነውና። ኒልስ በተራው ሲወልድ ልጆቹ ኒልሶንና ኒልስዶተር እንጂ አንደርሶን አይባሉም። ካሪንም ባል ብታገባ የአባቷን ስም እንደ ያዘች ትኖራለች።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሚሆነው፥ ይህን ልማድ የተዉት የልጅ ልጆች ዛሬ ቅድመ አያታቸውን ሲፈልጉ የሚደርስባቸው ችግርና የሚፈቱበት መንገድ ነው። ከ19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ አንሥቶ እስከ 1930 (ዘመኑ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው) ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ ስዊድናውያን በድህነትና በመሬት ጥበት ምክንያት ወደ አሜሪቃ ተሰደዋል። ከ1867 እስከ 1869 የደረሰው ራብም ብዙዎችን አስነሥቷል። ባሕሩን ከተሻገሩ በኋላ ዮሐንሶን የነበረው ጆንሰን ሆነ። ዛሬ በሚኒሶታ የሚኖር አንድ ጆንሰን ወደ ኋላ ቢመለከት የሚያገኘው ስም ብቻ ነው፤ ስሙም አገሩን አይነግረውም።

ስም ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት ግልጽ ነው። የክርስትና ስሞቹ ጥቂቶች ስለ ነበሩ፥ በአንድ ሰበካ ውስጥ ብዙ ኒልስ አንደርሶን ይገኝ ነበር። ችግሩ በጦር ሠራዊት ውስጥ ባሰ። በንጉሥ ካርል 11ኛ ዘመን፥ በ1682፥ በተጀመረው ሥርዓት ጥቂት እርሻዎች ተባብረው አንድ ወታደር ያቆማሉ፤ እሱም ጎጆና ቁራሽ መሬት ማደሪያ ያገኛል። አለቃው «አንደርሶን!» ብሎ ሲጠራ ብዙ ሰው «አቤት» እንዳይል፥ ለወታደሩ አጭር ስም ይወጣለት ነበር፦ ራስክ (ፈጣን)፥ ሞዲግ (ደፋር)፥ ስቬርድ (ሰይፍ)። ብዙ ጊዜ ግን ስሙ የማደሪያው ነበርና፥ አንዱ ሞቶ ሌላው ሲተካ ተተኪው ያንኑ ስም ይወርሳል። ስለዚህ በአንድ ጎጆ ተከታትለው የኖሩ ሁለት ሞዲጎች ዝምድና ላይኖራቸው ይችላል።

የተማሩትም ሌላ መንገድ ነበራቸው። ኒልስ ኢንጌማርሶን የተባለው የገበሬ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፥ በቤተ ሰቡ መሬት ላይ ከነበረው ሊንድ ከተባለ ትልቅ ዛፍ «ሊኔየስ» የሚል የላቲን ስም አወጣ። በ1707 የወለደው ልጁ ካርል፥ ለዕፀዋት ስም በማውጣት ዓለም ያወቀው ሊቅ ነው። የከተማ ሰዎችም ከተፈጥሮ ስም ያወጡ ነበር፤ ሊንድበርግ ሊንድ ከተባለው ዛፍና ከተራራ የተጋጠመ ስም ነው። በ1901 ስለ ቤተ ሰብ ስም ደንብ ከወጣ በኋላ ስሞች ባሉበት እየጸኑ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አንደርሶን የተባለ ሰው አባቱ አንደርስ ላይሆን ይችላል፤ ሴቲቱም «የአንደርስ ወንድ ልጅ» በሚል ስም ትጠራለች።

ታዲያ ፈላጊው ምን ያድርግ? መልሱ ከቤተ ክርስቲያን ዘንድ ይገኛል። በ1686 የወጣው የቤተ ክርስቲያን ሕግ፥ ቄሱ የተወለደውን፥ ያገባውንና የሞተውን ሁሉ እንዲመዘግብ አዘዘ። ከዚህም በላይ ቄሱ በየቤቱ የሚኖሩትን ሰዎች ማንበብና የሃይማኖት ትምህርት ማወቃቸውን ይመረምር፥ ውጤቱንም በመዝገብ ይጽፍ ነበር። ለእያንዳንዱ እርሻ ገጽ አለው፤ በገጹ ላይ ባልና ሚስቱ፥ ልጆቹ፥ ሎሌውና ገረዲቱ ከነልደት ቀናቸው ተዘርዝረዋል። ሰው ሰበካ ሲለውጥ ከቄሱ የምስክር ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ የሄደበትም የመጣበትም ይጻፋል።

ስለዚህ ፈላጊው ከስሙ ይልቅ ሁለት ነገር መያዝ አለበት፦ የሰበካውን ስምና የልደቱን ቀን። እነዚህን በመጀመሪያ በቤቱ ውስጥ፥ በአሮጌ መጽሐፍ ቅዱስና በደብዳቤ ይፈልጋል። ቀጥሎ ስደተኞቹ በአሜሪቃ ያቋቋሟቸውን አብያተ ክርስቲያናት መዝገብ ይመለከታል፤ ብዙ ጊዜ የትውልድ ሰበካቸው በዚያ ተጽፏልና። የጎተንበርግ ፖሊስም ከ1869 ጀምሮ የተሳፋሪዎችን ስም መዝግቧል። ሰበካው ከታወቀ በኋላ ከልጅ ወደ አባት፥ ከአባት ወደ አያት መውጣት ይቻላል፤ እሳት የበላው መዝገብ ካልገጠመው በስተቀር። የስዊድን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ከ2018 ጀምሮ በኮምፒዩተር ያሰፈራቸውን መዛግብት ያለ ክፍያ ማየት ፈቅዷል።

ሁሉም የሚያስደስት ነገር ያገኛል ማለት አይደለም። አንዱ የአያቱን እናት በየዓመቱ ጌታ የምትለውጥ ገረድ ሆና ያገኛታል። ሌላው ከልጁ ስም አጠገብ «ያለ ጋብቻ የተወለደ» የሚል ቃል ያነባል፤ የአባቱም ቦታ ባዶ ነው። ሦስተኛው አራት ሕፃናት በአንድ ክረምት እንደ ተቀበሩ ያያል።

መዝገቡ የተጻፈው ለልጅ ልጅ ፍቅር አልነበረም። ቄሱ ምእመናኑን ሊቈጣጠርበት፥ መንግሥትም ከ1749 ጀምሮ ሕዝቡን ሊቈጥርበት ነበር። ነገር ግን ቈጣጣሪ ማንንም አይዘልምና፥ ታሪክ ጸሓፊ የረሳት ገረድ ከጌታዋ በታች በዚያው ገጽ ላይ ተጽፋ ቀረች። ስም የአባትን ብቻ ሲይዝ መዝገቡ የእናትንም ያዘ።

እኛ የአባት ስም የመጥራትን ልማድ አልተውንም፤ ሰባት ቤት ድረስ የሚቈጥሩ ሽማግሌዎችም አሉን። ይሁን እንጂ ከእነዚያ ስሞች አጠገብ ስንቶቻችን ደብሩን፥ ዓመተ ምሕረቱንና የሴት አያታችንን ስም እንጨምራለን? ሽማግሌው በሕይወት ሳለ ይህን ለመጻፍ አንድ ደብተርና አንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።