ውኃው ከጉልበት ሲያልፍ

ከአሶሳ ተነሥቶ ወደ ዳቡስ ወይም ወደ አባይ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ፣ በበጋ ወራት ጉልበቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ መንጠቆ የሚጥል ወይም መረብ የሚዘረጋ ዓሣ አጥማጅ ማየቱ የተለመደ ነው። ቆሮሶና አምባዛ ለቤተሰቡ ራት፣ ሲተርፍም ለገበያ ይሆናሉ። ለመሆኑ ይህ ሰው በወራጅ ውኃ መካከል ሳይወድቅ የሚቆመው በምንድን ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱን በትክክል አለማወቅ ግን ሕይወት ያስከፍላል።

ሰውየውን የሚያቆመው በእግሩና በድንጋዩ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። የሰበቃው መጠን ደግሞ እግሩ መሬቱን በሚጫንበት ክብደት ይወሰናል። ውኃው በበኩሉ ሁለት ነገር ያደርጋል፤ በአንድ በኩል ይገፋዋል፣ በሌላ በኩል ክብደቱን ይሸከምለታል። አደገኛው ይህ ሁለተኛው ውለታ ነው። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ደረቅ መሬት ላይ ሲቆም መሬቱን 600 ኒውተን ያህል ይጫናል። ጉልበቱ ድረስ ሲገባ ወደ 530፣ ወገቡ ድረስ ሲገባ ደግሞ ወደ 380 ኒውተን ይወርዳል። አልጌ ባዳለጠው ድንጋይ ላይ ከዚህ ውስጥ በሰበቃ የሚያዘው 40 በመቶ ነው ብንል፣ በጉልበት ጥልቀት 210፣ በወገብ ጥልቀት 150 ኒውተን ያህል መያዣ ይቀርለታል።

አሁን ግፊቱን እንመልከት። ወራጅ ውኃ በሴኮንድ 1 ሜትር ሲጓዝ የሁለት እግሮችን ስፋት በጉልበት ጥልቀት 75 ኒውተን፣ በወገብ ጥልቀት 150 ኒውተን ገደማ ይገፋል። እንግዲህ ወገብ ድረስ የገባው ሰው መያዣው አልቋል ማለት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል። በሴኮንድ 2 ሜትር የሚሮጥ ውኃ ጉልበት ላይ ብቻ ደርሶ 300 ኒውተን ይገፋል። ስሌቱ ግምታዊ ነው፤ የሰዉ ቁመት፣ ጫማውና የወንዙ ወለል ይለውጡታል። ይሁንና «ጉልበቴ ድረስ ብቻ ነው» የሚለው መተማመኛ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ለማሳየት ይበቃል።

ፍጥነቱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። በወንዙ ዳር 10 ሜትር ያህል ይረገጥ፤ ደረቅ እንጨት ወደ መካከሉ ይጣልና ይቆጠር። እንጨቱ 10 ሴኮንድ ከፈጀበት ፍጥነቱ 1 ሜትር ነው። በ5 ሴኮንድ ካለፈ ዓሣው ቢቀር ይሻላል።

ይህን መለካት በተለይ በመተከል ዞን የሚኖር ሰው ሊለምደው ይገባል። የበለስ ወንዝ ቀድሞ በበጋ እጅግ ይቀንስ ስለነበር የአካባቢው ሰው መሻገሪያውን በወር ያውቀው ነበር። ግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ግን የጣናን ውኃ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ያፈስሳል። ከዚያ ወዲህ ወንዙ በበጋም ሙሉ ነው፤ የሚለቀቀውም ውኃ በሚሠሩት ተርባይኖች ብዛት ይለዋወጣል። አባቶች በቀን መቁጠሪያ የያዙት እውቀት ስሕተት አልነበረም፤ ወንዙ ነው የተለወጠው። ጠዋት የተሻገሩበት ቦታ ማታም ይሻገሩታል ማለት አይደለም።

ጉባ ላይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ሌላ ዓይነት ውኃ ፈጥሯል። ሐይቁ 74 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር የመያዝ አቅም አለው። የዚህ ሐይቅ ዳርቻ ትናንት የተራራ ወገብ የነበረ ነው፤ ስለዚህ ወለሉ በቀስታ አይጠልቅም። ሁለት እርምጃ ከጉልበት እስከ ራስ ሊያደርስ ይችላል። የውኃው ከፍታ በየወቅቱ ስለሚለዋወጥ ሲሸሽ ጭቃ ትቶ ይሄዳል፤ ንፋስ ሲነሣም ማዕበል አለው።

ወንዝ ውስጥ የግድ መግባት ያለበት ሰው ቁመቱን የሚያህል ጠንካራ ዘንግ ይያዝ። ፊቱን ወደ ውኃው መምጫ አዙሮ፣ ዘንጉን ከፊቱ ተክሎ፣ አንድ እግር ሲያነሣ ሁለት መደገፊያ እንዲኖረው በጎን ይራመድ። ጠባቡ ቦታ ጥልቅና ፈጣን ነው፤ የሚመረጠው ሰፊው ነው። የመረብን ገመድ በእጅ አንጓ ላይ መቋጠር ወይም ወገብን በገመድ ማሰር ጥንቃቄ ይመስላል፤ ሰውየው ሲወድቅ ግን ገመዱ ወጥሮ ከውኃው በታች ያስቀረዋል። የወደቀ ሰው በጀርባው ተንጋልሎ እግሩን ወደ ውኃው መሄጃ ያስቀድም፤ እየቀዘፈም ወደ ዳር ያዘንብል። ፈጣን ውኃ ውስጥ ለመቆም መሞከር እግርን በድንጋይ ስንጥቅ ያስይዛል።

ውኃው በድንገት ከደፈረሰና ቅጠል ማምጣት ከጀመረ የአሶሳ ሰማይ ጥርት ማለቱ ዋስትና አይሆንም፤ ለዳቡስ ዝናቡ የሚዘንበው በወለጋ ከፍታዎችም ነው። አዞና ጉማሬን በተመለከተ ከምሽት እስከ ንጋት ከዳር መራቅ፣ የጉማሬን መውጫ መንገድም አለመዝጋት ነው። ቀስ ብሎ በሚፈስስ ዳርቻ ቢልሃርዚያ መኖሩም አይዘነጋ።

ሰው ሲወሰድ ያየ ጓደኛ ተከትሎ ይዘላል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው የሚጠፋውም እንዲህ ነው። በየቤቱ ያለው ቢጫ ጀሪካን የተሻለ ዋናተኛ ነው። ባለ 20 ሊትሩ ባዶ ጀሪካን ክዳኑ በደንብ ከተዘጋ 19 ኪሎ ግራም ያህል ይሸከማል፤ የሰው ራስ ደግሞ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ረዘም ያለ ገመድ እጀታው ላይ ታስሮ፣ ትንሽ ውኃ ተጨምሮበት ራቅ ብሎ እንዲወረወር ከተዘጋጀ፣ ዓሣ ማጥመጃው ቦታ ዳር ላይ ይቀመጥ። ጀሪካኑም የሚወረወረው ሰውየው ካለበት ቦታ ትንሽ አሳልፎ፣ ገመዱ በላዩ ላይ እንዲወድቅ ነው።