ቂብላው ወደ ሰሜን፦ የከሚሴና የይፋት ጥንታዊ መስጂዶች አሠራር

ከሚሴ ላይ የሚሰግድ ሰው ፊቱን በቀጥታ ወደ ሰሜን ያዞራል። ከተማዋና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም 40ኛው ዲግሪ አጠገብ ይገኛሉ። በዚህ አገር የመስጂድ ፍርስራሽ ያጋጠመው ሰው አስቀድሞ የሰሜኑን ግድግዳ ቢፈልግ አይሳሳትም፤ ሚህራቡ እዚያ ነው። ጣሪያው ወድቆ፣ ምሰሶው በስብሶ እንኳ ያቺ ጎድጎድ ያለች የኢማም መቆሚያ ቤቱ ምን እንደነበረ ትናገራለች።

ይፋት እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ጠቅልሎ የያዘው የወላስማ ሥርወ መንግሥት ግዛት ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ዓረባዊው ጸሐፊ አል ዑመሪ በይፋትና በአጎራባች የሙስሊም ግዛቶች ጁምዓ የሚሰገድባቸው መስጂዶች መኖራቸውን መዝግቧል። የፈረንሳይ ተመራማሪዎቹ ፎቬልና ሂርሽ ከከሚሴ በስተደቡብ፣ በሸዋ ተዳፋት ላይ ኖራንና አስበሪን የመሳሰሉ የይፋት የድንጋይ ከተሞችን ከነመስጂዶቻቸው አጥንተዋል።

በሕይወት ያለውን ምሳሌ ለማየት ግን ወደ ዳዋ ጨፌ ወረዳ፣ ወደ ሾንኬ መውጣት ያስፈልጋል። ኮረብታው ጫፍ ላይ ያለው ይህ የአርጎባ መንደር 900 ዓመት እንዳስቆጠረ ነዋሪዎቹ ይናገራሉ። ታላቁ የእስልምና ሊቅ ሸኽ ጀውሃር ያስተማሩትም እዚህ ነው። የቤቶቹ ግንብ ከቦታው የወጣ ድንጋይ ነው፤ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ ከእንጨት በላይ አፈር የለበሰ። እንዲህ ያለ ጣሪያ ከባድ ነው፤ እንጨቱም ከአንድ ዛፍ ርዝመት አያልፍም። ስለዚህ በዚህ ዘዴ ሰፊ መስጂድ የሚሠራ ሰው አዳራሹን በምሰሶዎች መሙላት ግድ ይሆንበታል። ሰጋጁ በምሰሶዎቹ መካከል ሰፍ (የስግደት ረድፍ) ይይዛል። ውበቱ ከችግሩ የተወለደ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የካይሮን የጂፕሰም ቅርጽ ወይም የኢስፋሃንን ባለቀለም ሸክላ እዚህ የሚፈልግ ያዝናል። የዚህ አገር ጌጥ የድንጋዩ አደራደር፣ የማዕዘኑ ቀጥተኛነትና የሚህራቡ ቅስት ነው። ንጽጽሩም ከካይሮ ይልቅ ከምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ጋር ይሻላል፦ ድሬዳዋ አጠገብ በሐርላ የተገኘው የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጂድ ከሶማሌላንድና ከታንዛኒያ ጥንታዊ መስጂዶች ጋር ተመሳስሎ ተገኝቷል። የታንዛኒያዋ ኪልዋ በባሕር ኮራል ሠራች፤ የእኛ ግንበኞች በተራራው ድንጋይ።

ዛሬ ብዙ የሾንኬ ቤተሰቦች ወደ ሜዳው ወርደዋል። በየዓመቱ የሚያድሰው ሰው የሌለው የአፈር ጣሪያ ክረምቱን አይችልም። የአካባቢው ሽማግሌዎችና ባህልና ቱሪዝም ቢሮዎች ሆይ፦ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ከመግባቱ በፊት የየመስጂዱን ግድግዳ ለኩ፣ ሚህራቡን ንደፉ፣ አሠራሩን የሚያውቁ አረጋውያን ግንበኞችን ድምፅ ቅረጹ።