ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ሽቦውን እዩ

የማኅበራችሁ አሮጌ ትራክተር በእርሻ ወቅት አልነሳ ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ብዙዎች «ባትሪው ሞቷል» ብለው ገንዘብ አዋጥተው አዲስ ይገዛሉ። ትራክተሩ ግን አሁንም አይነሳም። ጥፋቱ ከባትሪው ሳይሆን ከሽቦው መጋጠሚያ ሊሆን ይችላል።

የመስኖ ቦይ በደለል ሲደፈን፣ ምንጩ ሞልቶ ሳለ ውሃው ማሳ አይደርስም። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። መጋጠሚያው ከላላ ወይም ከቆሸሸ ኃይሉ ሞተሪኖው ዘንድ በደንብ አይደርስም። እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል።

እንዴት ይታወቃል?

1ኛ. ማርሹን ነፃ አድርጉ፤ ፍሬን ያዙ። የፊት መብራቱን አብርታችሁ ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ደክሞ ሞተሩ «ጠቅ» ብቻ ካለ፣ ወይ ባትሪው ደክሟል፤ ወይ መጋጠሚያው ተበላሽቷል።

2ኛ. ቁልፉን መልሱ። ወፍራሞቹን ሽቦዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት አለ? ሲነቀነቅ ይንቀሳቀሳል? ከትራክተሩ ብረት ጋር የታሰረውንም አትርሱ።

3ኛ. እጃችሁን ወደየመጋጠሚያው አስጠጉ። ከሌላው ተለይቶ የሞቀ ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው።

እንዴት ይጸዳል?

ከትራክተሩ ብረት ጋር የታሰረውን ሽቦ ከባትሪው ላይ በመጀመሪያ ፍቱ፤ ስትመልሱ በመጨረሻ እሰሩ። መጋጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈግፍጉ። አጥብቃችሁ እሰሩና ከላይ ግራሶ ቀቡ።

ተጠንቀቁ! ዱቄቱን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ያቃጥላል። ሲጋራና ኩራዝ አታቅርቡ፤ የባትሪ ጋዝ ይፈነዳል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተነሳ፣ ያኔ ባትሪውን አስመርምሩ። የማኅበር ገንዘብ የሁላችሁ ላብ ነው።