«የዓድዋ ሳንጃ» ስንት ያወጣል?

በአምቦና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች የውርስ ንብረት ሲከፋፈል ቤቱና ከብቱ ዋጋቸው ስለሚታወቅ ብዙም አያከራክሩም። ክርክሩ የሚነሣው ከአልጋ ሥር የሚወጣው ሣጥን ሲከፈት ነው። በአቡጀዲ የተጠቀለሉ አራት አምስት አሮጌ ሳንጃዎች፣ ግማሾቹ ከነሰገባቸው፣ ግማሾቹ ራቁታቸውን ብቅ ይላሉ። ታላቅ ወንድም «አያታችን ከዓድዋ ያመጡት ምርኮ ነው» ይላል። ወሬው የደረሰው ደላላ ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር አቋርጦ ይመጣና «ፈረንጅ ቢያገኘው በዶላር ይገዛዋል» የሚል ይጨምርበታል። በዚህ መሀል አንድ ሰው መክሰሩ አይቀርም፤ ወይ ወራሹ ሁሉንም በጅምላ ይለቀዋል፣ ወይ ነጋዴው ለተራ ብረት የቅርስ ዋጋ ይከፍላል።

የቀድሞው ጂባትና ሜጫ አውራጃ ሳንጃ የሚገኝበት አገር መሆኑ አያስገርምም። በመንገዱ ላይ ባለችው ሆለታ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የጦር ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። በአምስቱ የወረራ ዓመታት ደግሞ ከጊንጪ አካባቢ እንደተነሡት ጃገማ ኬሎ ያሉ አርበኞች ከጠላት እየማረኩ ታጥቀዋል። ከዚያ በፊትም ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የገባው የፈረንሳይ ጠብመንጃ በየባላባቱና በየወታደሩ ቤት ነበር። ጠብመንጃው በየጊዜው ሲመዘገብና ሲወረስ፣ ሲሸጥና ሲሰበር ኖሯል። ሳንጃው ግን ሥጋ እየቆረጠ፣ አጥር እያበጀ ከቤት ቀርቷል።

ታዲያ የትኛው የትኛው ነው? ለመለየት የልብስ ሰፊ ሜትር፣ አጉሊ መነጽርና ትንሽ ማግኔት ይበቃሉ። ስለቱ በሴንቲ ሜትር ይለካል፤ ቅርጹ ይታያል፤ ማኅተሙና ቁጥሩ ይነበባል። የሻጩ ታሪክ የሚሰማው ከዚህ በኋላ ነው።

በብዛት ከሚገኙት መካከል የመጀመሪያው የውጅግራ ሳንጃ ነው። ስሙ ራሱ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም የመጣ ሲሆን፣ ጠብመንጃው የ1874 (እ.ኤ.አ.) ሥሪት ነው። የሳንጃው ስለት ቀጥ ያለና 52 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ነው፤ ጀርባው ሰፋ ብሎ ወደ ታች ስለሚሳሳ ተቆርጦ ቢታይ የላቲኑን «ቲ» ፊደል ይመስላል። እጀታው እንጨት፣ የእጀታው ራስ ነሐስ ነው። ገዥ መጀመሪያ ማየት ያለበት የስለቱን ጀርባ ነው። እዚያ ላይ በእጅ ጽሑፍ መልክ የፋብሪካው ስም፣ ለምሳሌ ሴንት ኤትየን፣ ሻቴልሮ ወይም ቱል፣ ከተሠራበት ዓመት ጋር ተቀርጾ ይገኛል። የኦስትሪያው ሽታየር ፋብሪካ የሠራውም አለ። ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ አይዘነጋ፤ «1878» የሚለውን እንደ ዓመተ ምሕረት ቆጥሮ ዕቃውን በሰባት በስምንት ዓመት ያሳነሰ ሻጭ አይታጣም። መስቀለኛው ላይ የተመታው ቁጥር ከብረት ሰገባው ቁጥር ጋር ከገጠመ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ካልገጠመ ሁለት የተለያዩ ሳንጃዎች ግማሽ በግማሽ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

እጀታው በሙሉ ነሐስ፣ ስለቱም እንደ እባብ የተጣመመ ከሆነ የቀደመው የ1866ቱ (እ.ኤ.አ.) ሻስፖ ነው። ስለት የሌለው፣ አራት ማዕዘን እንደ መስቀል የሆነና ለመውጋት ብቻ የተሠራ ረጅም ቀጭን ብረት ከመጣ ደግሞ የለቤል ነው። የለቤል እጀታ ብዙ ጊዜ ነጭ ብረት ሲሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተሠሩት ነሐስ ወይም ብረት ሊሆኑ ይችላሉ።

ትልቁ ስሕተትም ትልቁ ኪሳራም ያለው ጣሊያኖቹ ላይ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው የጣሊያን ጦር በአብዛኛው የያዘው 10.35 ሚሊ ሜትር የሆነውን ቬተርሊ ነበር። የቬተርሊ የመጀመሪያ ሳንጃ ረጅም ነው፤ እንደ ውጅግራው 52 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሣጥን ውስጥ በብዛት የሚገኘውና «የዓድዋ» የሚባለው ግን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ እጀታው በሁለት ብሎን የተያዘ እንጨት የሆነ አጭር ሳንጃ ነው። ይህ የ6.5 ሚሊ ሜትሩ የካርካኖ ሳንጃ ሲሆን፣ እዚህ አገር በብዛት የገባው በ1928 ዓ.ም. ወረራ ጊዜ ነው። የአርበኛ ምርኮ ሊሆን ይችላል፤ ያም ክብር ነው፤ የዓድዋ ግን አይደለም። እንደ ሰንጢ የሚታጠፈው የ1938 (እ.ኤ.አ.) ሳንጃ ደግሞ የዓድዋ ነው ቢባል የሚያስቅ ነው።

አንድ አሳሳች ነገር አለ። ጣሊያኖቹ ረጅሙን የቬተርሊ ሳንጃ ኋላ ላይ እያሳጠሩ ተጠቅመውበታል፤ ያጠረው ከካርካኖው ጋር ይመሳሰላል። የሚለየው የአፈሙዝ ቀለበቱ ነው። የቬተርሊ አፈሙዝ ወፍራም ስለሆነ ቀለበቱ ሰፊ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ትንሽ ጣት ማስገባት ልዩነቱን ያሳያል። ያላጠረና ሰገባ ያለው ቬተርሊ ከተገኘ ግን ነጋዴው ቆም ብሎ ያስብ፤ «ዓድዋ» የሚለው ወሬ መሠረት ሊኖረው የሚችለው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ለዚያም ቢሆን ማስረጃ ያስፈልጋል።

የእንግሊዙ ረጅም ሳንጃ 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከእጀታው ሥር ዘውድ፣ ሁለት ፊደላትና «1907» የሚል ቁጥር አለው። ይህ ቁጥር የሞዴሉ እንጂ የተሠራበት ዓመት አይደለም፤ የተሠራበት ወርና ዓመት ከሥሩ በትንንሽ ቁጥር ተመትቷል፤ ለምሳሌ «5» ከዚያም «17» ቢል ግንቦት ወር 1917 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዊልኪንሰንና ከሳንደርሰን ሌላ በሕንድ የተሠራም አለ። እንደ ምስማር የሾለው፣ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው አጭሩ የእንግሊዝ ሳንጃ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሥራ ነው፤ ገበያውም ደካማ ነው። የአሜሪካኑና የክላሽኑ ሳንጃ ለጥንታዊ ዕቃ ሰብሳቢ ገና ልጆች ናቸው።

የቤልጅግ ጠብመንጃ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምልክት መኖሩ የታወቀ ነው። አንበሳው ሳንጃው ላይ ተቀርጾ ከመጣ ግን ቀረጻው በአጉሊ መነጽር ይታይ። የጭረቱ ውስጥ ነጭ ሆኖ የሚያበራ፣ ዙሪያው ግን የዛገ ከሆነ አንበሳው የትናንት ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ቁጥሩ ከሰገባው ጋር የገጠመ የውጅግራ ሳንጃ በአሜሪካና በአውሮፓ የሰብሳቢዎች ገበያ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ዶላር ነው። የ1907ቱ እንግሊዝም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ተራው ካርካኖ ያንሳል፤ ምስማሩ ከ20 እስከ 50 ዶላር ቢያወጣ ነው። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠብመንጃዎች በአሜሪካ አስመጪዎች በኩል ለሰብሳቢዎች በብዛት ቀርበዋል። «ከኢትዮጵያ የመጣ» መባል ብቻውን ብርቅ አያደርግም ማለት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዶላሩን በብር እያባዛ የሚያስጎመጅ ደላላ በዝቷል፤ ስሌቱ ትክክል ነው፤ የሚባዛው ዋጋ ግን ኒውዮርክ ያለ ሳንጃ እንጂ ጉደር ያለ ሳንጃ ዋጋ አይደለም።

ምክንያቱም ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ቅርስ የያዘ ሰው ማስመዝገብም አለበት። የአንድ ቤተሰብ ሳንጃ ቅርስ ይሁን አይሁን የሚወስነው ሻጩም ደላላውም አይደለም፤ ጥያቄው አምቦ ለሚገኘው የዞኑ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ቀድሞ ቢቀርብ ይሻላል። ከሳንጃው ጋር ጠብመንጃ ከተገኘ ደግሞ ነገሩ ወደ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይዞራል፤ ፖሊስ ሳይነገረው ከቤት መነቃነቅ የለበትም። ሳንጃውንም ቢሆን በየኬላው በሻንጣ ይዞ መጓዝ ጠያቂ ያስነሣል።

የውጭ ገዥ ከሒሳቡ ሲወጣ የሚቀረው የአገር ውስጥ ገዥ ነው፤ ግድግዳውን የሚያስጌጥ ሆቴል፣ የባህል ምግብ ቤት፣ አንዳንድ ሰብሳቢ። እነዚህ የሚከፍሉት ለብረቱ ሳይሆን ለታሪኩ ነው። ሟቹ ሳንጃውን ታጥቀው የተነሡት ፎቶግራፍ፣ የአርበኝነት ሜዳይ፣ ከአርበኞች ማኅበር የተሰጠ ወረቀት አብሮ ካለ ተራው ካርካኖ ወረቀት ከሌለው ቬተርሊ ሊበልጥ ይችላል። ወራሾች ወረቀቱን ለአንዱ፣ ሳንጃውን ለሌላው ሲያካፍሉ ሁለቱንም ያረክሳሉ።

ሌላው ዋጋ ገዳይ የብርጭቆ ወረቀት ነው። ሳንጃው ለገበያ ይመር ብለው በአሸዋና በወረቀት ሲፈትጉት ማኅተሙ አብሮ ይሄዳል፤ ያለ ማኅተም ደግሞ ቢላዋ ነው። ቀጭን ዘይት በጨርቅ መቀባት፣ የቆዳ ሰገባውን ደግሞ ከፀሐይ ማራቅ ይበቃል። እጀታውም በአዲስ እንጨት አይቀየር።

ግዢው በጅምላ ባይሆን ለሁለቱም ወገን ይበጃል። እያንዳንዱ ሳንጃ ለብቻው ይለካ፣ ይገመት። ገዥው ከሁሉ በፊት ሻጩ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ እንዳለውና ሌሎቹ ወራሾች መስማማታቸውን ይጠይቅ። ውሉ ላይም «አንድ አሮጌ ሳንጃ» ብሎ ማለፍ ሳይሆን የስለቱ ርዝመት፣ የፋብሪካው ማኅተም፣ የመስቀለኛውና የሰገባው ቁጥር በተናጠል ይጻፍ፤ የሁለቱም ጎን ፎቶግራፍ ይያያዝ። ሻጩ «የዓድዋ ነው» ካለም ቃሉ ከነፊርማው ውሉ ውስጥ ይግባ።